ስለ አባ አማሮ ሲኒማና ስለ በዛብህ ስለት

(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

ክቡራን አባቶቻችን ካህናት፥ የደብራችን ሽማግሌዎችና እናቶች፥ እናንተም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሆይ፤

በዚህ የኢዮቤልዩ በዓል ቃል እንዳሰማ በታዘዝሁ ጊዜ፥ የደብሩን ታሪክና የታቦቱን ክብር አሳምረው የሚናገሩ አባቶች ስላሉ ያንን ለእነርሱ ትቼ፥ ብዙዎቻችሁ በልባችሁ ይዛችሁት በአፋችሁ ያላወጣችሁትን ነገር ልናገር ወደድሁ። ነገሩም የሲኒማ ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ስለ ሲኒማ መናገር ምን ይባላል የሚል አባት ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር፤ ስሙም እስከ ዛሬ ይነገራል። የዚያን ዘመን ሰው ቤቱን ከሩቅ አይቶ፥ አማትቦ ማለፍ ይችል ነበር። ዛሬ ግን ቤቱ ከቦንብ ተራ እስከ ሸማ ተራ በየሱቁ፥ በየልጁም ኪስ ገብቷል፤ በእጅ ስልክ ይታያል። ልጆቻችን ያዩትን እኛ ሳናውቀው ብንቀር፥ ሲጠይቁን የምንመልሰው አይኖረንም።

የጠየቁኝም እንዲህ ያለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር የወጣ፥ ካርሎስ ካሬራ የሚባል ሰው ያዘጋጀው፥ «የአባ አማሮ ወንጀል» የሚባል ሲኒማ አለ። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አማሮ የሚባል ወጣት የካቶሊክ ቄስ ገና እንደ ተሾመ፥ በጳጳሱ ዘንድ ተወዳጅ ሆኖ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ይላካል። በዚያ አሜሊያ የምትባል፥ ለሕፃናት የክርስትና ትምህርት የምታስተምር የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። እርስዋም ልትናዘዝ ወደ እርሱ ትቀርባለች፤ ከኑዛዜው ወደ ወዳጅነት፥ ከወዳጅነቱም ወደ ሥጋ ነገር ይወርዳሉ። ፀነሰችም። አማሮ ሹመቱን ትቶ ሊያገባት አልፈቀደም፤ ድካሙ ሁሉ ነገሩ እንዳይገለጥ ነው። በመጨረሻም ፅንስ በስውር ወደሚወርድበት ቤት ወሰዳት፤ ደምዋ አልቆም ብሎ ሞተች። በቀብርዋ ቀን የፍትሐቱን ጸሎት ያደረሰው ያው አማሮ ነው።

ይህ ሲኒማ በሜክሲኮ ሊታይ ሲቃረብ ታላቅ ሁከት ተነሣ። ጳጳሳትና የካቶሊክ ማኅበሮች ተቃወሙት፤ ይታገድ ብለው የጮኹም ነበሩ። በዚያው ወራት የሮማው ፓፓ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ አገሪቱን ሊጐበኙ ስለ ነበር፥ የሚታይበት ቀን ከጉብኝታቸው በኋላ እንዲሆን ተደረገ። ዳሩ ግን ጩኸቱ ሕዝቡን አላራቀውም፤ ይልቁንም ወደ ሲኒማ ቤቱ ጐረፈ፤ በሜክሲኮ እስከዚያ ጊዜ ከተሠሩት ሁሉ ይልቅ ብዙ ገንዘብ ያስገባ ሆነ። የመርካቶ ነጋዴ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ አትንኩት የተባለ ዕቃ ገበያው ይደራል።

ከተቃዋሚዎቹ ጋር የምስማማበት ነገር የለም አልልም። በሲኒማው ውስጥ አማሮ የእመቤታችንን ሐውልት ለማልበስ የተሠራውን ሰማያዊ መጐናጸፊያ በወዳጁ ላይ ያለብሳታል። ይህን ያየ የማርያም ወዳጅ ሁሉ፥ ካቶሊክም ቢሆን ኦርቶዶክስ፥ ልቡ ይቈስላል፤ ቢቈጣም አይፈረድበትም። ነገር ግን ቍጣው በመጐናጸፊያው ላይ ብቻ ቀርቶ፥ መጐናጸፊያውን ለብሳ ስለ ሞተችው ልጅ ሳይሆን ቢቀር ይህ ሌላ ኀዘን ነው። የሲኒማው ቄሶች ስለ ቤተ ክህነታቸው ስም ሲጨነቁ፥ አሜሊያ በመካከል ትጠፋለች። ተቃዋሚዎቹም በበኵላቸው ስለ ቤተ ክህነቱ ስም ሲጮኹ እርስዋን ረሷት።

በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር፥ መምህሩ ገና በመጀመሪያው ቤት ላይ «ተሳሳትህ» ብሎ አያቋርጠውም። እስከ መጨረሻው ሰምቶ ሰሙን ከወርቁ ይለያል፤ ከዚያ በኋላ የሚነቅፈውን ይነቅፋል። እኔም ይህን ታሪክ እንዲሁ ልሰማው ብዬ ወደ ምንጩ ሄድሁ። ምንጩ ኤሳ ዴ ኬይሮሽ የሚባል የፖርቱጋል ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1875 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ሲኒማው ሲሠራ ታሪኩን ከፖርቱጋል ወደ ሜክሲኮ፥ ካለፈው ዘመንም ወደዚህ ዘመን አምጥተውታል፤ በዚህም ጊዜ አንድ ትልቅ ነገር ጥለውበታል። በመጽሐፉ አማሮ የአንዲት ገረድ ልጅ ነው። እናቱ ስትሞትበት እመቤትዋ የነበረች ባለጸጋ ወይዘሮ ወስዳ አሳደገችው፤ ቄስ እንዲሆንም የቈረጠችው እርስዋ ናት። ልጁን ማንም አልጠየቀውም። ወደ ትምህርት ቤቱ የገባው ሌላ ሰው በጠረገለት መንገድ ነው፤ በእጁ ላይ ያረፈውም ሹመት ሌላ ሰው የቈረጠለት ነው። ሲኒማው ይህን ትቶ፥ አማሮን ከመጀመሪያው ሹመት እንደሚወድ ብልጥ ሰው አድርጎ አቀረበው። ስለዚህ ተመልካቹ ወንጀሉን ያያል እንጂ ሥሩን አያይም። በእኔ አስተያየት መጽሐፉ ከሲኒማው የሚበልጠው በዚህ ነው።

እንግዲህ «ይህ የሮማውያን ነገር ነው፥ እኛን ምን አገባን?» የሚል ቢኖር፥ በአገራችን ቋንቋ የተጻፈውን፥ ከእናንተ ብዙዎቹ በመጽሐፍ ያነበባችሁትን፥ ያላነበባችሁትም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማችሁትን «ፍቅር እስከ መቃብርን» ላስታውሳችሁ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ነው። እርሳቸውም ጎጃም ተወልደው በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ስለሆኑ፥ የቅኔ ቤቱን ነገር ከውጭ ሆነው አልጻፉትም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ታሪኩ ተከታታይ ድራማ ሆኖ በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር ክርክር ተነሣ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ክርክሩ ግን የባለመብትነት ነበር። ስለ ታሪኩ ራሱ፥ ማለት ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ ልጅ ሴት ስለ መውደዱ፥ የተቈጣ ሰው ብዙ አልሰማሁም። እንዲያውም ለበዛብህ ያላለቀሰ የለም። በሜክሲኮ አማሮን የጠላ ሁሉ፥ በእኛ አገር በዛብህን ወደደ።

ስለምን? ሁለቱን ስናስተያይ ልዩነቱ ግልጥ ነው። አማሮ ቃል ኪዳኑን በስውር አፍርሶ በግልጥ እንደ ጠበቀ ሆነ፤ ዕዳውንም በልጅቱ ላይ ጣለ። በዛብህ ግን ዕዳውን በራሱ ተሸከመ። ነገር ግን ሰሙ ቢለያይም ወርቁ አንድ ነው። በዛብህ በማንኩሳ ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ስለ ሕይወቱ ፈርተው፥ ቢያድግላቸው በድንግልና ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ተሳሉት። እርሱ በዚያን ጊዜ አፉን አልፈታም። አድጎ፥ ተምሮ፥ በዲማ በድምፁና በዕውቀቱ ታውቆ፥ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር በገባ ጊዜ ነው ያላሰረው ገመድ በአንገቱ እንዳለ ያወቀው። አብዛኛው አንባቢ ሁለቱን የለየው የዘር ነገር ነው ይላል፤ እርሷ የባላባት፥ እርሱ የባላገር ልጅ ነውና። እውነት ነው፤ ፊታውራሪው ስለቱን አልጠየቁም፥ ዘሩን ነው የጠየቁት። ነገር ግን መሸሻ ባይኖሩ ኖሮስ? በዛብህ ከገዛ ልቡ ጋር የሚከራከረው ያው ስለት በቀረ ነበር። ፍጻሜውንም ታውቁታላችሁ፤ እርሱ በዓባይ በረሃ በወንበዴዎች እጅ ቈስሎ ሞተ፥ እርስዋ መነኰሰች። ስለቱ የነበረው በእርሱ ላይ፥ ቆቡን የደፋችው ግን ማንም ያልተሳላት ሰብለ ወንጌል ናት። ደራሲው ይህን ሳያስቡ ያደረጉት አይመስለኝም፤ የቅኔ ተማሪ ናቸውና።

አሁን ወደ ሥርዐታችን ልመለስ። የሮማ ቤተ ክርስቲያን በላቲን ሥርዐትዋ ካህን ሁሉ ሚስት እንዳያገባ ትከለክላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1139 ዓ.ም. በላተራን በተደረገው ሁለተኛ ጉባኤ ካህን የሚያደርገው ጋብቻ ጋብቻ እንዳይባል ወሰነች። ለጎረቤቶቻችን ለካቶሊካውያን እውነቱን ለመመስከር ያህል፥ ከሮማ ጋር አንድነት ያላቸው የምሥራቅ ሥርዐት አብያተ ክርስቲያናት ባለትዳርን ቄስ አድርገው እንዲሾሙ ሕጋቸው ይፈቅዳል። ሶቅራጥስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፥ በ325 በኒቅያ ጉባኤ ካህናት ከሚስቶቻቸው ይለዩ የሚል አሳብ በተነሣ ጊዜ፥ ጳፍኑትዮስ የሚባል የግብጽ ኤጲስ ቆጶስ ተነሥቶ ይህን ከባድ ቀንበር በሰው ላይ አትጫኑ ብሎ ተቃወመ። እርሱ ራሱ ከሕፃንነቱ በገዳም ያደገ፥ ሴት የማያውቅ ሰው ነበር። ቀንበሩን የተሸከመው ሰው ነው ክብደቱን የመሰከረው።

በእኛ ዘንድ ዲያቆን ከቅስና አስቀድሞ ሁለት በር ተከፍቶ ይጠብቀዋል። በተክሊልና በቍርባን አግብቶ ቄስ ይሆናል፤ ወይም በረድእነት ተፈትኖ ይመነኵሳል። ከቅስና በኋላ ግን በሩ ይዘጋል፤ ሚስቱ የሞተችበት ቄስ እንኳ ሌላ ቢያገባ ክህነቱ ይቀራል። ሦስተኛም በር አለን፥ ማንም በር ብሎ ባይጠራው። ክህነት የሌለው፥ ወይም ክህነቱ የቀረ ሊቅ፥ በመቅደሱ ባይገባ በቅኔ ማሕሌቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ያገለግላል። ደብተራ የሚለውን ስም ሰው ዛሬ ለስድብ ያደርገዋል፤ እኔ ግን ቤተ ክርስቲያናችን ዕውቀት ያለውን ሰው ከነድካሙ ከደጅዋ ውጭ እንዳትጥለው ያገኘችው ጥበብ ነው እላለሁ። አማሮ እንዲህ ያለ በር አልነበረውም፤ ወይ ሁሉን መያዝ ወይ ሁሉን ማጣት ነበረበት። ይህ ግን ኀጢአቱን አያቀልለትም፤ ሁሉን ያጣችው እርሱ ሳይሆን አሜሊያ ናትና።

ሥርዐታችን እንዲህ ሰፊ ሆኖ ሳለ ታዲያ በዛብህ ስለምን ተጨነቀ? ሥርዐቱ የከፈተውን በር የእናትና የአባት ስለት ስለ ዘጋበት ነው። ይህ ደግሞ በማንኩሳ ብቻ የቀረ አይደለም። ከዚህ ደብር ምእመናን አንዲት እናት፥ መበለት ናቸው፥ ልጆቻችሁ ያዩትን ሲኒማ ነገር ሰምተው መጥተው ጠየቁኝ። ሁለት ልጆች ሞተውባቸው ሦስተኛውን ሲወልዱ፥ ቢያድግልኝ ሚስት ሳያገባ የታቦቱ አገልጋይ ይሁን ብለው ተስለዋል። ልጁ ዛሬ 19 ዓመቱ ነው፤ ዲያቆን ነው፤ አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ በሕግ ላግባ ብሏቸዋል። እርሳቸውም «እሺ ብለው ታቦቱ ይቀየመኛል፤ እንቢ ብለው እንደዚያ ቄስ ይሆንብኛል» ብለው አለቀሱ። ስማቸውን አልናገርም፤ እንደ እርሳቸው ያሉ ሌሎች በዚህ እንዳሉ ስለማውቅ ግን የመለስሁላቸውን በሁላችሁ ፊት እደግመዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሐና ነገርኋቸው። ሐና ሳሙኤልን ሳይፀነስ ለእግዚአብሔር ተሳለችው፤ ጡት ባስጣለችውም ጊዜ ወስዳ በቤተ መቅደስ ሰጠችው። ሳሙኤል ግን ሚስት አግብቷል፤ ኢዮኤልና አብያ የሚባሉ ልጆች ነበሩት፥ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 8 ስማቸው ተጽፏል። የሐና ስለት ለአገልግሎት መስጠት ነበር፤ ከትዳር መከልከልን አልጨመረችበትም። ከዚያ ቀጥዬ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 ያለውን የዮፍታሔን ነገር አነሣሁ፤ እርሱ በአንደበቱ የተሳለውን ሳታውቀው የከፈለችው ልጁ ናት። በሐናና በዮፍታሔ መካከል ያለውን ልዩነት ለራሳቸው እንዲያስቡት ተውሁላቸው።

እናታችን ግን አስተዋይ ናቸው፤ «የመበለት ስለት ይጸናል ተብሎ የለምን?» ብለው መለሱልኝ። እውነት ነው፤ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 30 ልጃገረድ ስትሳል አባትዋ፥ ያገባችም ስትሳል ባልዋ በሰማበት ቀን ሊከለክላት ይችላል፤ የመበለት ግን ይጸናባታል። ቃሉን ልብ ብለን ስናየው የሚናገረው ሰው ነፍሱን ስለሚያስርበት ስለት ነው፤ በራስዋ ላይ ያሰረችው ይጸናባታል። እኚህ እናት በራሳቸው ላይ ያሰሩትን ፈጽመዋል፤ ልጁን አሳድገው፥ አስተምረው ለዲቁና አድርሰዋል። ድንግልና ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ራሱ ምክር እንጂ ትእዛዝ አላደረገውም፤ ጌታም የተሰጠው ብቻ እንዲቀበለው ነው የተናገረው። ለሰውየው ያልተሰጠውን እናት ልትሰጥለት አትችልም።

ይህም ባያረካቸው፥ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 27ን ከፍቼ አነበብሁላቸው። በዚያ ሰው ሰውን ለእግዚአብሔር ቢሳል ዋጋው በብር እንዲተመን ታዝዟል። ከ1 ወር እስከ 5 ዓመት ለሆነ ወንድ ልጅ 5 ሰቅል፥ ከ5 እስከ 20 ዓመት ለሆነ 20 ሰቅል፥ ከ20 እስከ 60 ለሆነ 50 ሰቅል ነው። ድሃም ቢሆን ካህኑ እንደ አቅሙ ይተምንለታል። (እርም የተደረገውን የሚመለከተው የምዕራፉ መጨረሻ ሌላ ነገር ነው፤ ስለት ከእርም ጋር አይደባለቅም።) እንግዲህ ኦሪት እንኳ፥ ያ ጥብቅ ሕግ፥ ለተሳለው ሰው መውጫ ካዘጋጀ፥ እኛ በሐዲስ ኪዳን ያለን ሰዎች በሩን ደፍነን ልጁን ከውስጥ የምንቈልፍበት ምክንያት ምንድር ነው? እናቲቱም ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደው የተባለውን እንዲፈጽሙ፥ ጧፍ ቢሆን፥ ዕጣን ቢሆን፥ የነዳያን ምሳ ቢሆን እንዲሰጡ መክሬአቸዋለሁ። ፍርዱ የንስሐ አባታቸው ነው እንጂ የእኔ አይደለም።

ለእናንተም ለአባቶቻችን ካህናት በትሕትና የማሳስበው አለኝ። በመጪው ጊዜ ከዚህ ደብር ዲያቆናት ለቅስና ሲቀርቡ፥ ዜማውንና ቅዳሴውን እንደምንፈትን፥ ልጁን ለብቻው አስቀምጠን «ይህን መንገድ የመረጥኸው አንተ ነህን? ወይስ የተሳለልህ አለ?» ብለን እንጠይቀው። ሐዋርያው ጢሞቴዎስን ፈጥነህ እጅህን በማንም ላይ አትጫን ያለበት ምክንያት አንዱ ይህ ይመስለኛል። «ላግባ» የሚለውንም ዲያቆን ደካማ ነው ብለን አናሸማቀው፤ ደጅ እየጠና በግልጥ የሚጠይቅ፥ ጠይቆ የሚያገባ፥ ከማንም ይልቅ ከአማሮ የራቀ እርሱ ነው። ስለ ወደቀ ካህን ስንሰማም «በውስጥ ይለቅ» ከማለታችን በፊት፥ አብራ የወደቀችው፥ ወይም የተጣለችው፥ ማን እንደ ሆነችና ዛሬ በምን ላይ እንዳለች አስቀድመን እንጠይቅ። ካህኑን ሥርዐቱ ይፈርድበታል፤ ልጅቱን ግን የሚጠይቃት ከሌለ የለም።

ልጆች ሆይ፥ ሲኒማውን እንይ ወይስ አንይ ብላችሁ ነበር የጠየቃችሁኝ። ያ ሲኒማ ለሕፃን የማይገባ ትዕይንት አለበት፤ ስለዚህ ለታናናሾቻችሁ አታሳዩ። ታላላቆቹ ግን ካያችሁት በኋላ «ፍቅር እስከ መቃብርን» ከመጽሐፉ አንብቡ፤ ድራማውን ማየት ንባቡን አይተካም። አንብባችሁ ስትጨርሱ ቅዳሜ ከሰርክ ጸሎት በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንገናኝ፤ እኔም እመጣለሁ፥ እናቶችም ቢመጡ ደስ ይለኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።